የቀበሌ ቤታችን ይፍረስ ወይስ ይጠገን? ከጎንደር አዲስ ዓለም ለመጣ ጥያቄ የከተማ ፕላን ባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦

«ጎንደር አዲስ ዓለም ነው የምንኖረው። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ውሉ በእናቴ ስም ነው። በአንድ ግቢ ሰባት አባወራ አለን፤ ሽንት ቤቱ አንድ ነው። ባለፈው ክረምት የጓዳው ግድግዳ ተሰነጠቀ። ወደ ውጭ ያዘመመም ይመስላል። እንጠግን ብለን ስንጠይቅ ‹ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል፣ አትንኩት› ተባልን። ይህ ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ አይተናል። ወንድሜ ‹ይፍረስና እንገላገል› ይላል። እናቴ ደግሞ ነገሩ ሲነሳባቸው እንቅልፍ ያጣሉ። እኛ ጋም ይመጣል? ቢመጣስ ክፉ ነው? እስከዚያ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ስለ ፒያሳ ከማውራታችን በፊት ስለ ጓዳው ግድግዳ እናውራ። እሱ ሌላ ክረምት ላይጠብቅ ይችላል።

የጭቃ ቤት ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። ልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ አያስፈራም፤ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣ ነው። የሚያስፈራው ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚወርድ ነው። ያ ከሆነ ግድግዳው ከጣሪያው እየተላቀቀ ነው ማለት ነው። «ያዘመመ ይመስላል» ያልሽውን ደግሞ በግምት አትተዪው። ከግንበኛ ቱንቢ ተዋሺ። ካጣሽ ክር ላይ ድንጋይ ማሰር ይበቃል። ከወራጁ ሥር አንጠልጥዪውና ክሩ ከግድግዳው ላይኛው ጫፍና ከታችኛው ጫፍ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኪ። ቀኑን ጽፈሽ አስቀምጪ። በየሁለት ሳምንቱ ድገሚው። ስንጥቁ ላይ ወረቀት በሙጫ ለጥፊበት፤ ከተቀደደ ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው።

ቀጥሎ የቋሚዎቹን እግር እዪ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለሽ ልስኑን ትንሽ ፈቅፍቂና እንጨቱን በምስማር ውጊው። ምስማሩ ሳይታገል ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ወይም ምስጥ ጨርሶታል። ጭቃ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከቆርቆሮው ክፈፍ የሚወርደው ውሃ መሬት መትቶ ይፈናጠርና የግድግዳውን ግርጌ ያርሳል። አሸንዳ ከሌለ፣ ቦዩም ከተደፈነ፣ ቋሚው በየክረምቱ ውሃ ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ግድግዳው ሳይሆን ውሃው ነው። ቦዩን ጥረጉት። ውሃው ከቤቱ እንዲርቅ አፈሩን አዳፉት። ይህ ፈቃድ አይጠይቅም፤ አካፋ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ግድግዳውን በሲሚንቶ አትለስኑት። ያምራል፣ ለአንድ ሁለት ዓመትም ጠንካራ ይመስላል። ግን ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። እንጨቱ ከሲሚንቶው ጀርባ ይበሰብስና ማንም ሳያይ ያልቃል። የፋሲል ግንብ ራሱ ይህን ቀምሷል። በጣሊያን ጊዜ የማይስማማ ዕቃ እየተጠቀሙ የጠገኑትን ኋላ የመጡ ጠጋኞች አንስተው በኖራ መለሱት። ለድንጋዩ ግንብ ያልበጀ ለጭቃና ለባሕር ዛፍ ይበጃል ብዬ አላምንም። ጭድ በደንብ የበላ፣ ሰንብቶ የቦካ ጭቃ ይሻላችኋል።

ልኬቱ ዝንባሌውን ካረጋገጠ ግን በዚያ ወገን ማንም አይተኛ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ከውጭ በኩል በወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፉት። ድጋፍ ጥገና አይደለም፤ ቤቱን ነካችሁ የሚላችሁ ቢመጣ ይህንኑ ንገሩት።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ።

ቤታችሁ ለምን እዚህ ደረሰ? «አርጅቶ ነው» የሚለው መልስ አይጥመኝም። እዚያው ሰፈር ዞር ዞር ብትዪ በዕድሜ የሚበልጡት፣ የግል የሆኑ የጭቃና የድንጋይ ቤቶች ቀጥ ብለው ቆመው ታያለሽ። ባለቤቱ አንድ ዓመት ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ሌላ ዓመት ልስን ያድሳል። ጭቃ ቤት በየዓመቱ ትንሽ እጅ ከነካው ረጅም ዕድሜ አለው። የእናንተን ቤት የገደለው ዕድሜ ሳይሆን የሚነካው እጅ ማጣቱ ነው።

ሥሩ ሩቅ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ። ከተወረሱት ውስጥ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። በዚያ ላይ ኪራይ ተቀነሰ፤ በጣም ርካሽ የነበሩት በግማሽ ወረዱ። ይህን እንደ ክፋት አላወራውም። በዚያ ኪራይ ስንት እናት ልጆቿን አስተምራለች፤ እናትሽም አንዷ ይሆናሉ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ ሁሉ ዋጋው ሲሮጥ የቀበሌ ቤት ኪራይ ብዙ ቦታ እዚያው ቆመ። የአንድ ግቢ የዓመት ኪራይ ተሰብስቦ አንድ ጣሪያ አያለብስም። አከራዩ በምን ይጠግን?

ተከራዩስ? ከኪሱ አውጥቶ ቢጠግን ያደሰው ቤት የመንግሥት ነው። መሸጥ አይችልም፤ አስይዞ መበደር አይችልም። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ይጠግናል፤ የሚያድርበት ቤት ነውና። እሱንም እጁን የሚይዘው ሦስተኛው ነገር ነው፦ «ለልማት ይፈለጋል፣ አትንኩት»።

በእኔ እይታ ከሦስቱ ክፉው ይኸኛው ነው። የሚፈርስበት ቀን ያልተቆረጠለት፣ ግን እንዳይጠገን የተከለከለ ቤት ዶዘር አያስፈልገውም፤ ራሱ ይፈርሳል። የሚያናድደኝ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ቤቱ ሲያዘም አንድ ኮሚቴ ይመጣና «ሰፈሩ እጅግ ያረጀና ለኑሮ የማይመች ነው» ብሎ ይጽፋል። የማፍረሻ ምክንያቱ ከክልከላው የተገኘ መሆኑን የሚያነሳ የለም።

ስለ ሰፈርሽም ትንሽ ልጨምር፤ አዲስ ዓለም በአጋጣሚ የተጨናነቀ ሰፈር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ከዚያ ጋር ተያይዞ ነው ወደ ቀሃ ወንዝ ዝቅ ብሎ እስላም ቤት የሚባለው ሰፈር የጠነከረው፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ማለት ነው። ነጋዴውም ባለእጁም እዚያ ነበር። ከሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ጣሊያን ገባ። ጎንደርን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባለው አርክቴክት ፕላን አወጣላት። ለጣሊያኖቹ ከግንቡ በላይ ያለው ከፍታ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ሰፊው መንገድ። ነባሩ ሕዝብ ደግሞ ለብቻው። ፒያሳ ቆመሽ ቁልቁል ስታዪ የምታገኚው ልዩነት የተሳለ ነው፤ እርሳስ ይዞ የሳለው ሰው ነበረ። ታችኛው ሰፈር ውሃም መንገድም መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሆኖ ቀረ። ፕላን አውጪ ነኝና ይህን ስናገር ሙያዬን እየወቀስኩ ነው።

በዚያ ላይ የሰው ብዛት። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሰው ነበራት። በ1999 ቆጠራ 207,044 ሆነች። በአሥራ ምናምን ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ሰፍቷል፤ ከገጠር በጸጥታ ምክንያት የተሰደደውም መጥቷል። ነባሩ ከተማ የተቀመጠው ግን በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለ ሸንተረር ላይ ነው። ግራና ቀኙ ገደል ነው። ከተማዋ በደንብ መዘርጋት የምትችለው ወደ አዘዞ አቅጣጫ ነው። ገበያውና ሥራው ግን እዚሁ መሀል ነው፤ ድሃ ደግሞ ከሥራው ብዙ መራቅ አይችልም። ታክሲ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰዉ ወደ ውስጥ ይታጨቃል። ቆጥ ይሠራል፣ ደባል ያስገባል፣ ከግቢው ላይ በቆርቆሮ ይቀጥላል። ቦቴ ገብቶ የሚመጥበት መንገድ ስለሌለ ሽንት ቤቱ ይሞላል፤ ሲሞላ ክረምት ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ወንድምሽ «ይፍረስና እንገላገል» ሲል ከዚህ ጠረን ነው መገላገል የፈለገው። አልፈርድበትም። እንዲያውም በየሦስት ወሩ ካሜራ ይዘው መጥተው «ይህ እኮ ቅርስ ነው፣ አንዳች እንዳትነኩ» የሚሉ እንግዶችን የምፈርድባቸው ይብሳል። ማታ ለሽንት ቤት ወረፋ አይሰለፉም።

እንግዲህ አዲስ አበባ።

እዚያ ሰፊ ሰፈር አንስቶ በአዲስ የመተካት ሥራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ላይ በትልቁ ታየ። ቀጥሎ ሌሎች ነባር ሰፈሮች መጡ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ተነሱ። ለሚነሳው የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚቀርበው ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፦ ወይ ኮንዶሚኒየም ገዝቶ መግባት፣ ወይ ሌላ ቦታ ያለ ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ያገኘውን አልክድም። የራሱ ሽንት ቤት አለው። ክረምት ሲመጣ ጣሪያ አያይም። የራሱ ካርታ አለው፤ ይህ ለቀበሌ ቤት ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

የጠፋውስ? ቅድመ ክፍያ ያልነበረው ሰው መጀመሪያውኑ አልገባም። ከፍሎ የገባውም የወሩን የባንክ ዕዳ ለመሸፈን ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ደባል የገባ ብዙ ነው። ከከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሥራው መርካቶ ከሆነ ጠዋትና ማታ የሚከፍለው የትራንስፖርት ዋጋ የድሮ ኪራዩን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ በጭስ መጋገር አይቻልም፤ ጠላ መጥመቅ አይቻልም። ደንበኛም አይወጣም። ሰፈሩ ሲበተን እድሩ አብሮ ይበተናል። በችግር ቀን ልጅ የምታሳድሪላት፣ በርበሬ የምትበደሪያት ጎረቤት በካሳ ቅጽ ላይ ቦታ የላትም። እናትሽ የሚፈሩት ይህን ይመስለኛል። ቤቱን ብቻ ቢሆን እንቅልፍ አያጡም ነበር።

እኛ ጋም ይመጣል ወይ? የኮሪደር ሥራው ጎንደር ገብቷል። የግንቡ ጥገናም ከእሱ ጋር ሲሠራ አይተሻል። ወደ ውስጥ ሰፈሮች መቼና እንዴት ይዘልቃል የሚለውን ከፕላን ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ መጠየቅ ነው ያለብሽ፤ ስለ አጠያየቁ ወደ ታች እመጣለሁ። እኔ ግን የአዲስ አበባው አካሄድ ተገልብጦ ጎንደር ላይ ቢለጠፍ አይሠራም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ሒሳብ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ማፍረስ ገንዘብ የሚያመጣው የጸዳው መሬት በሊዝ ውድ ስለሚሸጥ ነው። ውድ የሚሸጠው ደግሞ ሃያና ሠላሳ ፎቅ ስለሚቆምበት፣ ባንክና ሆቴል ስለሚሻማበት ነው። ጎንደር ላይ ሃያ ፎቅ የሚያቆም ማን ነው? ቢኖርስ የት ያቆመዋል? የፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከተማዋን ከሌላው የሚለያት ከየትም አቅጣጫ ቀና ሲባል የግንቡ ማማ መታየቱ ነው። መሀል ከተማ ላይ ቁመት ሲገደብ የሊዝ ዋጋውም ይገደባል። ከመሬቱ በቂ ገንዘብ ካልወጣ ለተነሺ ቤት የሚሠራበት ከየት ይመጣል? ውጤቱ የምናውቀው ነው፦ ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ቦታው በቆርቆሮ ይታጠራል፣ አጥሩ ራሱ እስኪዝግ ማንም አይገነባበትም።

ታዲያ ምን ይሻላል ትዪኝ ይሆናል። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ «አትንኩት» የሚለው ይነሳ። የማፍረሻ ቀንና በጀት ያልተያዘለት ሰፈር ላይ የጥገና ክልከላ መኖር የለበትም። ሁለተኛ፣ ተከራይ የጠገነበት ወጪ በደረሰኝ ተመዝግቦ ወደፊት ለሚሰጠው ምትክ ቤት ከቅድመ ክፍያው ይታሰብለት። ያኔ ሰው ሳይፈራ ይጠግናል። ኪራይም ይጨመር እላለሁ፤ ይህን ስናገር ጎረቤቶችሽ እንደማይወዱኝ አውቃለሁ። ግን ጭማሪው እዚያው ግቢ ላይ ለሽንት ቤትና ለቦይ የሚውል መሆኑ በውል ይጻፍ፤ አቅም የሌላቸው አረጋውያን ደግሞ ይለዩ።

ከዚያ አገልግሎቱ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እነ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ እጅግ ድሃ በሚባሉ ቀበሌዎች ነዋሪው ሳይነሳ ቤት ሲያስጠግኑ፣ የጋራ ሽንት ቤትና ማብሰያ ሲያሠሩ፣ መተላለፊያና ቦይ ሲያስነጥፉ ኖረዋል። ጎንደር ድንጋይ አላት፤ ኮብልስቶን ጠርቦ ያደገ ወጣት አላት። ቦቴ የሚገባበት አንድ መንገድ በሰፈሩ መሀል መክፈት ጥቂት ቤቶችን ያስነሳ ይሆናል፤ ለብዙ መቶ ሰው ግን ሽንት ቤት እንዲመጠጥ፣ እሳት ሲነሳም መኪና እንዲደርስ ያደርጋል። እንዲህ ላለው ማፍረስ እጄን አወጣለሁ።

የማይጠገኑ ቤቶችም አሉ። ቀሃ አፋፍ ላይ ጎርፍ የሚበላቸው፣ ቋሚያቸው ያለቀ፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ክፍል የያዙ። እነዚህ ይነሱ። ግን ምትኩ አስቀድሞ እዚያው ሰፈር ወይም ጥግ ላይ ባለ ክፍት ቦታ ይሠራ። ጂ ፕላስ ቱ፣ ማለትም ምድር ቤትና ሁለት ፎቅ፣ ይበቃል፤ ምድር ቤቱ ለጠላ፣ ለእንጀራ፣ ለሱቅ፤ ላዩ ለመኖሪያ። አንድ ግቢ ሰው ወደዚያ ይግባ፤ የለቀቀው ቦታ ላይ ቀጣዩ ይሠራ፤ ሌላው ግቢ ደግሞ ወደዚያ ይሻገር። ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ዕቃውን ይሸከማል፤ እድሩም አይበተንም። ዘገምተኛ ነው፤ ሪባን ለመቁረጥም አይመችም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ የማይወደደው።

አሁን አንቺ ልታደርጊው የምትችዪው።

በቃል የተባለ «ለልማት ይፈለጋል» ውሳኔ አይደለም። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ፕላን ሲወጣ ሕዝብ ሊመክርበትና ሊያየው ይገባል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፦ ግቢያችን በየትኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ውስጥ ነው? የሚነሳበት ጊዜ መቼ ነው? በዚያው ማመልከቻ ላይ ግድግዳው ለሕይወት አደገኛ መሆኑን ጠቅሳችሁ የጥገና ፈቃድ ጠይቁ። የለካሽውን ቁጥር ከነቀኑ፣ የስንጥቁን ፎቶ አያይዢ። ሰባቱም አባወራ ይፈርሙ፤ የአንድ ቤት ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ በቀላሉ ይጠፋል። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳታስመቺ አትውጪ። ከከለከሉ ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቂና እሱን ይዘሽ ወደ ክፍለ ከተማው ሂጂ።

የእናትሽን ወረቀቶች ዛሬ ሰብስቢ። የኪራይ ውሉ፣ ያሉት የኪራይ ደረሰኞች በሙሉ፣ የመብራትና የውሃ ቢል። ቀበሌው ጋ በቤተሰብ ቅጹ ላይ አንቺና ወንድምሽ መመዝገባችሁን አረጋግጡ፤ ካልተመዘገባችሁ እናትሽ ራሳቸው ቀርበው ያስመዝግቧችሁ። ውሉ በእሳቸው ስም ብቻ ሆኖ እናንተ ከሌላችሁበት፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ክርክሩ ይከብዳችኋል።

የካሳ ሕጉንም እንዳታምታቺ። የአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ በዋናነት ለባለይዞታ ነው። ይህ አዋጅ በ2016 ማሻሻያ ስለተደረገበት አሮጌ ቅጂ ይዘሽ አትከራከሪ። የቀበሌ ቤት ተከራይ የቤቱ ግምት አይከፈለውም፤ የሚከራከረው ስለ ምትክ ቤት ነው። ያለ ፈቃድ በቆርቆሮ የቀጠላችሁት ክፍል ካለ ደግሞ ይታሰብልናል ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩበት። ምትክ ቤት ካቀረቡላችሁ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ውሃው ይመጣል? ታክሲ እስከ ስንት ሰዓት አለ? ምድር ቤት ነው ፎቅ? የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ይችላል? ማየት የምትችሉት ከመፈረማችሁ በፊት ነው።

ሽንት ቤቱን በተመለከተ ከእድሩ ጋር ተነጋገሩ። ሰባት አባወራ አዋጥቶ ሁለተኛ ጉድጓድ ማስቆፈር ይችላል፤ ቦታው ከውሃ መስመሩና ከወንዙ ይራቅ፣ የቦቴ ቱቦ የሚደርስበትም ይሁን። ለዚህም ፈቃድ ጠይቁ፤ በዚያው ማመልከቻ ላይ በሦስተኛ ቁጥር ይግባ። ሁሉንም እስከ ሚያዝያ ጨርሱት። ሰኔ ከገባ የሚቆፍርላችሁም፣ ጭቃ የሚያቦካላችሁም ሰው አታገኙም።